የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ማኅበራዊ አገልግሎት፦ ለማን? እንዴት? በምን ዋጋ?

የትምህርት ዓመቱ ሊያበቃ ሲቃረብና የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር በየቁምስናው አንድ ጥያቄ ይነሣል። «ልጆቹ ሁለት ወር ሙሉ ሥራ ፈትተው ሊቀመጡ ነው፤ ምን ሥራ ይሰጣቸው?» ይላሉ ወላጆች። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ተሰብስበው ይመክራሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚደረስበት ውሳኔ የታወቀ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ ማጽዳት፣ ችግኝ መትከል፣ በበዓል ቀን ሕዝብ ማስተናገድ፣ ምናልባትም አንድ ቀን ወደ አረጋውያን መኖሪያ ሄዶ ዳቦና ሻይ አቅርቦ፣ መዝሙር ዘምሮ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ መመለስ። እነዚህን ሥራዎች አንነቅፍም፤ ንጹሕ ግቢ ማንም ይወዳል። ነገር ግን ከ14 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ነገር ሊሠራ እንደሚችል፣ እንዲሠራም እንደሚመኝ ስለምናውቅ፣ በዚህ እትም ጉዳዩን ሰፋ አድርገን ልንመለከተው ወደናል።

በመጀመሪያ ቃሉን እንለይ። «አገልግሎት» የሚለው ቃል በየስብሰባው ከመደጋገሙ የተነሣ ትርጉሙ ሳስቷል። በዚህ ጽሑፍ አገልግሎት የምንለው፣ ባይሠራ ኖሮ የሚጎዳ አንድ የታወቀ ሰው ያለበትን ሥራ ነው። «ተማሪዎቹ ባይመጡ ኖሮ ማን ይጎዳ ነበር?» ብለን ጠይቀን ስም ጠርተን መመለስ ካልቻልን፣ ሥራው ጥሩ መዝናኛ ወይም ጥሩ የጽዳት ልማድ ሊሆን ይችላል እንጂ አገልግሎት ለመባል ገና ይቀረዋል። መመዘኛው ጥብቅ መስሎ ይታይ ይሆናል። ለወጣቱም እውነተኛ ደስታ የሚሰጠው ግን ይኸው ነው። ወጣት እንደሚፈለግ ሲያውቅ በዝናብም ይመጣል፤ ለቁጥር ማሟያ እንደ ተጠራ ሲገባው ግን በሁለተኛው ሳምንት ይቀራል።

ካለፈው ዘመን ምን እንማራለን?

በአገራችን ተማሪን ለሕዝብ አገልግሎት ማሰማራት አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ከአዲስ አበባ ውጭ እንዲያገለግሉ መደረግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። አብዛኞቹም በየጠቅላይ ግዛቱ አስተማሪዎች ሆነው ሠርተዋል። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. ደግሞ የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተጀመረ። የከፍተኛ ትምህርት ተማሪዎችና የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻዎቹ ክፍሎች ተማሪዎች ከመምህራኖቻቸው ጋር ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ሆነው ወደ ገጠር ተሰማሩ። ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቀጠለ፤ ትምህርቱ በመጀመሪያ በ5፣ እያደር በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጠ። ለዚህም ሥራ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች።

ስለ እነዚህ ዘመቻዎች ፖለቲካ ለመናገር አልተነሣንም፤ ለእርሱ ሌላ ጸሐፊና ሌላ መጽሔት አለው። ለእኛ የሚጠቅመን ንጽጽሩ ነው። በ1967ቱ ዘመቻ ተማሪው በግዴታ ሄደ፤ የሥራው ዝርዝርም ከመሬት አዋጅ እስከ ጕድጓድ ቁፋሮ እጅግ ሰፊ ነበር። ከመንግሥት ጋር በተነሣው አለመግባባትም ብዙዎች ሳይጨርሱ ተበተኑ። በመሠረተ ትምህርቱ ዘመቻም ግዴታው አልጠፋም፤ ነገር ግን ሥራው አንድና ግልጽ ነበር። አንድ ጎልማሳ ፊደል ይቈጥራል፣ ቃል ያነባል፣ ስሙን ይጽፋል። አስተማሪውም ተማሪውም መጨረሻውን በዓይናቸው ያዩታል። በዚያን ጊዜ በጣት አሻራ ፈንታ በፊርማ መፈረም የጀመሩ እናቶች ዛሬም በመካከላችን አሉ፤ ያስተማረቻቸውን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጃገረድ ስም የሚያስታውሱም አይጠፉም። ሥራው ጠባብና ግልጽ ሲሆን ዋጋው ረጅም ዕድሜ እንደሚኖረው ከዚህ እንረዳለን።

በፓሪስ የነበረው ተማሪ

በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ስለ ተማሪዎች አገልግሎት ሲነሣ መታለፍ የማይገባው ፍሬድሪክ ኦዛናም ነው። እ.ኤ.አ. በ1833 በፓሪስ የሕግ ትምህርት ይከታተል ነበር። ከጓደኞቹ ጋር በሚካፈልበት የውይይት ማኅበር ስለ ክርስትና ታላቅነት ሲከራከር፣ ተቃዋሚዎቹ «የጥንቱን ተወው፤ ዛሬ ለድሆች ምን ታደርጋላችሁ?» የሚል ጥያቄ አቀረቡለት። ጥያቄው ልቡን ነካው። እርሱና አንድ ጓደኛው የነበራቸውን ማገዶ ተሸክመው ወደ አንድ ድሀ ቤት ወሰዱ ይባላል። ሚያዝያ 23 ቀን 1833 እ.ኤ.አ.፣ ኦዛናም 20 ዓመት በሞላው ዕለት፣ ጥቂት ተማሪዎችና አንድ ታላቃቸው ተሰብስበው በኋላ የቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖል ማኅበር የተባለውን ጉባኤ መሠረቱ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1997 የዓለም ወጣቶች ቀን በፓሪስ ሲከበር ኦዛናምን ብፁዕ ብለውታል።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በዚህ ታሪክ ውስጥ አንዲትን ሴት ልብ እንዲሉልን እንወዳለን። እርሷም ሲስተር ሮዛሊ ራንዱ ናት። የፍቅር ልጆች ማኅበር አባል የነበረችው ይህች መነኵሲት በፓሪስ የድሆች ሠፈር ለብዙ ዓመታት ስለኖረች እያንዳንዱን ቤት ታውቀው ነበር። ተማሪዎቹ ቅንነት እንጂ ልምድ አልነበራቸውም፤ ወደ የትኛው ቤት እንደሚሄዱ፣ ምን ይዘው እንደሚሄዱ፣ እንዴት እንደሚቀመጡ ያሳየቻቸው እርሷ ናት። ያለ እርሷ የወጣቶቹ ግለት በጥቂት ወራት በበረደ ነበር ብንል ከእውነት የራቅን አይመስለንም። በእያንዳንዱ ቁምስና እንዲህ ያለ ሰው አለ፤ አንዳንድ ጊዜ መነኵሲት፣ አንዳንድ ጊዜ የእድር ዳኛ፣ አንዳንድ ጊዜ ጠላ ሸጠው የሚኖሩ እማማ። የአገልግሎት ዕቅድ መጀመር ያለበት ይህን ሰው በመፈለግ ነው።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በቶሪኖ የኖረው ፒየር ጆርጆ ፍራሳቲም በዚሁ ማኅበር የገባው በ17 ዓመቱ ነበር። ባለጸጋ ቤተ ሰብ ስለነበረው የትራም ሳንቲሙን ለድሆች ሰጥቶ በእግሩ ይመለስ እንደነበር ይነገርለታል። እ.ኤ.አ. በ1925 በ24 ዓመቱ በፖሊዮ ሕመም ሲያርፍ ለቀብሩ የወጣውን የድሆች ብዛት ቤተ ሰቡ እንኳ አልጠበቀውም። መስከረም 7 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ቅድስናው በር.ሊ.ጳ. ሊዮ 14ኛ ታወጀ። ይህ መንፈስ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ አቡነ ያዕቆብ በመባል የምናውቃቸው ቅዱስ ዩስቲኖስ ደ ያቆቢስም ከዚሁ ከቅዱስ ቪንሰንት ቤት የመጡ ናቸው።

የሚታጠብ እግር

በየዓመቱ በጸሎተ ሐሙስ የእግር ማጠብ ሥርዓት ሲፈጸም ቆመን እናያለን። በአገራችን ግን በየቀኑ መታጠብ የሚያስፈልገው፣ የሚያጥበውም ብዙ ጊዜ የማይገኝ እግር አለ። ይኸውም የዝሆኔ ሕመምተኛ እግር ነው። ተማሪዎች ሊሠሩት ከሚችሉት ሁሉ ይህን ሥራ በሰፊው ማስረዳት የፈለግነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሕመሙ በመካከላችን አለ፣ መፍትሔው በእጃችን ነው፣ ከሳሙናው እጦት ይልቅ የሚገድለውም የጎረቤት ፍርሃት ነው።

ዝሆኔ የሚባለው ሕመም ከአንድ በላይ ምክንያት አለው። በቆላ አገር በቢንቢ አማካይነት በሚተላለፍ ጥገኛ ትል የሚመጣ አለ። በደጋና በወይና ደጋ የሚገኘው ግን ሌላ ነው፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ይሉታል። ስሙ ከግሪክ ቋንቋ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉት ቃላት የተገኘ ነው። መንሥኤው ትልም ተሐዋስም አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ ሸክላማ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር የሚሄድ ሰው፣ ደቃቅ የማዕድን ቅንጣቶች በእግሩ ቆዳ ይገቡና በሰውነት ውስጥ ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ሥሮች ይጎዳሉ። እግሩም ቀስ በቀስ ያብጣል፣ ቆዳው ይሻክራል፣ ይሰነጠቃል፣ ይሸታል። ኤርነስት ፕራይስ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም በኢትዮጵያ ሲሠሩ በሕመሙና በአፈሩ መካከል ያለውን ግንኙነት በጥናት ካሳዩት ሰዎች ዋነኛው ናቸው። በአገራችን ሕመምተኞቹ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ተገምቷል፤ ጎጃም፣ ወላይታና ወለጋ ሕመሙ ከሚበዛባቸው ስፍራዎች ይቆጠራሉ።

ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ሆኖም በአንድ ቤት ውስጥ ሁለትና ሦስት ሰው ሊይዝ ይችላል፤ ምክንያቱም ለአፈሩ የመጋለጥ ዝንባሌ በከፊል በዘር ይወረሳል፣ የቤቱም ሰዎች በአንድ እርሻ ላይ በባዶ እግር ይውላሉ። ከዚህም የተነሣ ሕዝቡ «የዘር በሽታ ነው» ወይም «እርግማን ነው» ይላል። ከዚያ ቤት ልጅ ማግባት ይቀራል። ሕመምተኛው ከማኅበር፣ ከለቅሶ፣ ከቤተ ክርስቲያንም ይርቃል፤ ሽታው እንደሚያስጠላ ያውቃልና በሩ አጠገብ እንኳ መቆም ያፍራል። ሕመሙ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በጉርምስና ዕድሜ አካባቢ ስለ ሆነ ትምህርቱን ትቶ የሚቀር ተማሪም አለ። የምንናገረው እንግዲህ በሩቅ ስላለ ሰው አይደለም፤ ከክፍሉ አንድ ወንበር ባዶ ሆኖ የቀረበት ተማሪ ይህን ያውቃል።

ሕክምናው የሚያስደንቅ ቀላል ነው። እግሩ በየቀኑ በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ የጤና ባለሙያ ባዘዘው መጠን በቀጠነ በረኪና ውስጥ ለጥቂት ደቂቃዎች ይዘፈዘፋል፤ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር በደንብ ይደርቃል፤ ቅባት ይቀባል፤ እንደ ሁኔታው በፋሻ ይጠቀለላል፤ ካልሲና ጫማ ይለበሳል፤ በእረፍት ጊዜ ከፍ ተደርጎ ይቀመጣል። በምሥራቅ ጎጃም ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ይህ እንክብካቤ ሕመምተኞቹን አልጋ ላይ የሚጥለውን የትኩሳትና የሥቃይ ጊዜ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ገና በጅምሩ ከተደረሰበት እብጠቱ ሊመለስ ይችላል። ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ የሚጫማ ሰው ደግሞ ከነጭራሹ አይያዝም ለማለት ይቻላል።

ታዲያ ተማሪው የት ላይ ይገባል? የታመመ እግር ያላቸው እናት ወንዝ ወርደው ውኃ ቀድተው መመለስ አይሆንላቸውም፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ አንድ ጀሪካን ውኃ በየቀኑ ማድረስ ነው። ሁለተኛው፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም የጤና ጣቢያው ነርስ ባሠለጠነችው መሠረት በማጠቡ መርዳት ነው። ሦስተኛው ጫማ ነው፤ ይህም ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለው። ያበጠ እግር ከገበያ በተገዛ ጫማ ውስጥ አይገባም፤ ሁለቱ እግሮችም እኩል አይደሉም። ተማሪዎቹ እግሩን ወረቀት ላይ አስቀምጠው በእርሳስ ዙሪያውን ይሥላሉ፣ የቁርጭምጭሚቱን ዙሪያ በክር ይለካሉ፣ ልኩን ይዘው ወደ ጫማ ሰፊው ይሄዳሉ፣ ዋጋውን ይነጋገራሉ፣ ገንዘቡን ያሰባስባሉ፣ ጫማው ሲያልቅ ወስደው ያስሞክራሉ፣ ከጠበበም መልሰው ያሰፋሉ። በዚህ አንድ ጫማ ውስጥ ሒሳብም፣ ሥነ ሕይወትም፣ ትዕግሥትም አለ። አራተኛው ሥራ ከሁሉ ቀላል ይመስላል፤ ከሁሉም ይከብዳል። በዚያ ቤት ተቀምጦ ቡና መጠጣት ነው። ጎረቤት በመስኮት ያያል። የመምህሩ ልጅ፣ የጤና ጣቢያው ዘበኛ ልጅ ከዚያ ቤት ሲኒ ተቀብለው መጠጣታቸውን ሲያይ፣ «አይተላለፍም» ተብሎ አሥር ጊዜ ከተነገረው ይበልጥ ያምናል።

ሆኖም ማስጠንቀቅ የሚገባን ነገር አለ። እግሩ ድንገት ከጋለ፣ ሕመምተኛው ትኩሳት ከያዘው፣ ወይም ጥልቅ ቁስል ከታየ ጉዳዩ የተማሪ አይደለም፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። በረኪናውንም ማንም በግምት አይለካም። ከሁሉ በፊት ደግሞ ሕመምተኛው ፈቃደኛ መሆኑ በሚያምነው ሰው በኩል ይጠየቅ። ሳይፈቅድ የታጠበ እግር ታጠበ አይባልም።

ስለ ማንበብና ስለ ማስጠናት

ሁለተኛው የምናቀርበው ሥራ የገንዘብ ወጪው ከሞላ ጐደል ምንም ነው። በየከተማው ከሌሎች ጋር በአንድ ክፍል የሚማሩ ዐይነ ስውራን ተማሪዎች አሉ። በብሬል የታተመ መማሪያ መጽሐፍ ለሁሉም ክፍልና ለሁሉም ትምህርት በበቂ አይገኝም፤ ስለዚህ የዐይነ ስውሩ ትምህርት የሚያነብለት ሰው በማግኘቱ ላይ ይንጠለጠላል። ድሮ ይህ ፊት ለፊት በመቀመጥ ብቻ ይፈጸም ነበር፤ ዛሬ ግን በእጅ ስልክ መቅዳት ይቻላል። አንድ ተማሪ በቀን ግማሽ ሰዓት ከታሪክ ወይም ከሥነ ዜጋ መጽሐፍ ቢቀዳ፣ በክረምቱ መጨረሻ የአንድ ትምህርት መጽሐፍ ሙሉውን ያዳርሳል። የተቀዳውም በሚቀጥለው ዓመት ለሚመጣው ደግሞ ያገለግላል።

አነባበቡ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ገጹ ሲቀየር ቁጥሩ ይነገር፤ ሥዕል፣ ካርታ ወይም ሠንጠረዥ ሲመጣ «ሥዕሉን ተመልከቱ» ብሎ ማለፍ አይጠቅምም፤ ሥዕሉ ምን እንደሚያሳይ በቃላት ይገለጽ። የጎርፍን አፈጣጠር የሚያሳይ አንድ ሥዕል ለማያይ ሰው በቃል ለማስረዳት የሞከረ ተማሪ፣ ትምህርቱን ራሱ እንደ ገና ይማረዋል። በነገራችን ላይ ጥሩ አንባቢ ተብሎ የተመረጠው ሁልጊዜ ጥሩ ሆኖ አይገኝም። በመድረክ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብ ልጅ በስልክ ሲቀዳ ያደክማል፤ ለብ ባለ ድምፅ የሚናገር ዓይናፋር ልጅ ግን ለሁለት ሰዓት ይደመጣል።

ታናናሾችን ማስጠናትም እንዲሁ ነው። የወላጆችን ሥጋት እንረዳለን፤ በጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሰምተን ሁላችንም ደንግጠናል። «ልጄ ለራሱ ሳያልፍ ለሰው ይሠራል እንዴ?» የሚል ወላጅ ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን ያ ውጤት በ12ኛ ክፍል የተጀመረ ጉድለት አይደለም፤ ሦስተኛ ክፍል ደርሶ አንቀጽ ማንበብ ያልቻለ ልጅ እየተንከባለለ የደረሰበት ነው። የ10ኛ ክፍል ተማሪ በሳምንት ሁለት ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል ከሁለትና ከሦስት ልጆች ጋር ተቀምጦ ፊደል ቢያስቈጥር፣ ቃል ቢያስነብብ፣ የማባዛት ሰንጠረዥ ቢያስጠና ጉድለቱን ከሥሩ ይነካዋል። ክፍልፋይን ለትንሽ ልጅ ማስረዳት የቻለም ከእንግዲህ አይረሳውም። ለአንድ አስጠኚ ከሦስት ልጆች በላይ መስጠት ግን አይገባም፤ ዐሥር ልጅ ከተሰጠው ማስጠናቱ ቀርቶ ጸጥታ ማስከበር ይሆናል።

ስለ ችግኝና ስለ ደም በአጭሩ

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ችግኝ መትከል የክረምት ልማድ ሆኗል። በዚያው ዓመት በሐምሌ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቆ ነበር። የተማሪዎች ሥራ ግን ከተከላው ቀን በኋላ ቢጀምር እንመርጣለን። ጕድጓዱ ቀደም ብሎ ይቈፈር፤ የፕላስቲክ ከረጢቱ ተቀዶ ይውጣ (ከነከረጢቱ የተተከለ ስንት ችግኝ እንዳለ የሚነቅለው ሰው ያውቃል)፤ ከዚያም ለእያንዳንዱ ተማሪ አምስት ችግኝ በስሙ ይሰጠውና ከጥቅምት እስከ ግንቦት ውኃ ያጠጣ፣ ከፍየል ይጠብቅ። ወይራና ጽድ በዝግታ ያድጋሉ፤ ተከታያቸውም እንዲሁ መታገሥ አለበት።

ደም መለገስ ከ18 ዓመት በታች ላለ አይፈቀድም። ስለዚህ ብዙው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ራሱ መስጠት አይችልም፤ ነገር ግን የደም ባንክ ሠራተኞች ወደ ቁምስናው በሚመጡበት እሑድ ወላጆቹንና ጎረቤቶቹን ማምጣት፣ ወንበርና ውኃ ማዘጋጀት፣ ፈርቶ የቆመውን ማጫወት ይችላል።

አዘጋጁ ሊያስብባቸው የሚገቡ

ተማሪዎቹ ልጆች መሆናቸውን አንርሳ። ማንም ልጅ ብቻውን ወደ ማንም ቤት አይላክም፤ ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፣ የሚያውቃቸው አዋቂም በቅርብ ይኖራል። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይገኝ። የሚጐበኘው ሰውም ክብር አለው። በብዙ ስፍራ እንዳየነው ዳቦ ከመሰጠቱ በፊት ካሜራ ይወጣል፤ ሽማግሌውም ዳቦውን በእጃቸው ይዘው እስኪቀረጹ ይጠበቃሉ። ይህ ልማድ ቢቀር ደስ ይለናል። የሠራነውን ለማሳየት ካስፈለገ የተሰፋውን ጫማ ወይም የተጠገነውን በር ማንሣት ይቻላል፤ የሰው ችግር የሚያምር ሥዕል አይደለም።

ጊዜውም ይታሰብበት። የፈተና ወር ከመድረሱ በፊት ሥራው ይቀንስ። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተጀመረ ጉብኝት ያለ ስንብት አይቋረጥ። ለስድስት ሳምንት በየቅዳሜው ልጅ ሲመጣላቸው የነበሩ አሮጊት በሰባተኛው ቅዳሜ ጀበናውን ጥደው ቢቀሩ፣ ባንጀምረው ይሻል ነበር። አዘጋጁ ከመጀመሪያው «እስከ መስከረም እንመጣለን» ብሎ ቀኑን ይናገር፤ ከመስከረም በኋላ በወር አንድ ጊዜ የሚሄድ ከተገኘ ደግሞ እሰየው።

ስለ ምስክር ወረቀት

ለአገልግሎት ምስክር ወረቀት ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚለው ክርክር በየስብሰባው ይነሣል። ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች በሚኖሩባት በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት ከ1997 እ.ኤ.አ. ተመራቂዎች ጀምሮ ማንም ተማሪ 75 የአገልግሎት ሰዓት ሳይኖረው የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ አይቀበልም። በዚያ ያሉ ወገኖቻችን ልጆች ታዲያ በየቤተ ክርስቲያኑ ምግብ በማደል፣ አዲስ መጤዎችን በማስተርጐም ሰዓታቸውን ያሟላሉ። ሥርዓቱ ጥቅም አለው፤ ያለ እርሱ በሩን የማያንኳኳ ልጅ በግዴታም ቢሆን ያንኳኳል። ጉዳቱም ግልጽ ነው፤ ሰዓት መቍጠር ከተጀመረ ሰው መቍጠር ይረሳል። 75ኛው ሰዓት ሲሞላ በመካከል የተቋረጠ ሥራ ሁሉ ምስክር ነው።

እኛ የምንደግፈው መካከለኛውን መንገድ ነው። ወረቀቱ ይሰጥ፤ ሥራ ወይም የትምህርት ዕድል ለሚፈልግ ወጣት ይጠቅመዋል፣ መጥቀሙንም መካድ ግብዝነት ነው። ነገር ግን በወረቀቱ ላይ የሰዓቱ ቁጥር ሳይሆን የተሠራው ሥራ ይጻፍ፤ «የ9ኛ ክፍል ታሪክ መጽሐፍ ሙሉውን ቀድታለች»፣ «ሦስት ልጆችን ማንበብ አስተምሯል» ተብሎ። ከምስክር ወረቀቱ አስቀድሞም በክረምቱ መጨረሻ ተማሪዎቹ ተቀምጠው ያዩትን ይናገሩ። ምን አስቸገራችሁ? ማን አስገረማችሁ? ለምን ያ ቤት ውኃ የለውም? የሚሉ ጥያቄዎች ካልተጠየቁ ተማሪው ያየውን ድህነት እንደ አየር ጠባይ ቆጥሮት ይቀራል። የውኃው ጥያቄ ወደ ቀበሌ፣ የጫማው ጥያቄ ወደ እድር ከደረሰ ግን አገልግሎቱ ከምጽዋት አልፎ ፍትሕን ወደ መፈለግ እየሄደ ነው ማለት ነው።

ለመምህራን ስብሰባ የሚሆኑ ጥያቄዎች

በቁምስናችን እንደ ሲስተር ሮዛሊ እያንዳንዱን ቤት የሚያውቅ ሰው ማን ነው? ባለፈው ክረምት ተማሪዎቻችን የሠሩት ሥራ ባይሠራ ኖሮ በስም የምንጠራው የተጎዳ ሰው ይኖር ነበርን? በአካባቢያችን በእግሩ ሕመም ምክንያት ከቤተ ክርስቲያን የቀረ ሰው አለን? ካለስ በሩን መጀመሪያ ማን ያንኳኳ? አስጠኚ የሚሆኑ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ስንት አሉን፣ የሚቀመጡበትስ ክፍል በየትኛው ቀን ክፍት ነው? መልሳችሁን ከሚቀጥለው እትም በፊት በቆሞሳችሁ በኩል ብትልኩልን፣ በየቁምስናው የተገኘውን ልምድ አሰባስበን እናወጣዋለን።